ኦክታቪያ በትለርና የጓሮው በር

እማዬ ልብስ አጣቢ ነበረች። ሽሮ ሜዳ አንዲት ክፍል ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ በሳምንት አራት ቀን፣ አራት ሰው ቤት እየዞረች ታጥብ ነበር። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ እኔንም ይዛኝ ትሄዳለች። የኔ ሥራ ካልሲ ማጣመድ፣ የታጠበውን ማስጣት፣ ደመና ሲመጣ ሮጦ ማስገባት ነው።

ከቤቶቹ በአንዱ እኩያዬ የሆነች ልጅ ነበረች። ሁለታችንም አስራ አንድ ዓመት ቢሆነን ነው። አንድ ቀን እማዬ ሳፋው ላይ እንዳጎነበሰች ልጅቷ በረንዳ ላይ ወጥታ «አንቺ! ሰማያዊ ሹራቤ የታለ?» አለቻት። እማዬ ቀና አለች። አረፋውን ከክንዷ ላይ እየጠረገች «አቤት የኔ እመቤት፣ አሁን አመጣልሻለሁ» አለች። አንቺ ባይዋ አስራ አንድ ዓመቷ ነው። አቤት ባይዋ እናቴ ናት።

በልጅቷ አልተናደድኩም። የተናደድኩት በእማዬ ነው። ለምን አቤት ትላታለች? ለምን ዝም አትላትም? ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ እጇን አልያዝኩም። መንገዱ ዳገት ነው፤ እሷ ቀኑን ሙሉ ስታሽ ውላ ደክሟታል፤ እኔ ከፊት ከፊት እየሄድኩ አንዴም ዞሬ አላየኋትም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ብሔራዊ ትያትር አካባቢ አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልቦለድ ገዛሁ። «ኪንድሬድ» ይላል፤ የሥጋ ዘመድ እንደማለት ነው። ደራሲዋ ኦክታቪያ በትለር። ስሟን ሰምቼው አላውቅም ነበር። መጽሐፉን በሁለት ሌሊት ጨረስኩትና ስለ ሴትየዋ መፈለግ ጀመርኩ። ቃለ መጠይቆቿን፣ ስለ ራሷ የጻፈችውን አጭር ጽሑፍ፣ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ስልኬን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እናቷ የሰው ቤት ሠራተኛ ነበረች። ትንሿ ኦክታቪያ አንዳንዴ አብራት ትሄዳለች። እናቷ በጓሮ በር ስትገባ ታያለች። ሰዎቹ፣ እናቷ እዚያው ቆማ እየሰማች፣ እንደሌለች ቆጥረው ስለ እሷ ሲያወሩ ትሰማለች። እናቷ መልስ አትሰጥም። ልጅቷም ያፈረችውና የተናደደችው በገዛ እናቷ ነበር።

ያቺን ዳገት ከኔ በፊት የወጣች ሌላ ልጅ ነበረች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ይህችን ሴት ሳነብ ነው የኖርኩት።

ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። በትለር በ1947 ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፓሳዴና ከተማ ተወለደች። አባቷ ሊስትሮ ነበር፤ ገና ልጅ ሳለች ሞተ። እናቷና አያቷ አሳደጓት። እናቷ ትምህርቷን በልጅነቷ አቋርጣ ሥራ የገባች ሴት ናት፤ ለልጇ ግን ከምትሠራባቸው ቤቶች የተጣለ መጽሐፍ እየለቀመች ታመጣለች። ሰው የጣለውን፣ የተቀደደውን፣ ልጆች በቀለም የሞነጨሩትን፣ ምንም ይሁን ምን። ይህ ነገር በጣም ነው የሚነካኝ። በጓሮ በር የገባችው ሴት በዚያው በር ስትወጣ መጽሐፍ ይዛ ነበር የምትወጣው።

ኦክታቪያ ዓይን አፋር ነበረች። ቁመቷ ከእኩዮቿ ሁሉ በልጦ ወደ 1 ሜትር ከ80 ደረሰ፤ ልጆች ይስቁባታል። ዲስሌክሲያም ነበረባት። ማንበብና መጻፍ ለሌላው እንደሚቀለው አይቀላትም፤ አስተማሪዎቿ እንደ ሰነፍ ይቆጥሯታል። መሸሸጊያዋ የፓሳዴና ቤተ መጻሕፍት ነበር። በአስር ዓመቷ የጽሕፈት መኪና ግዢልኝ ብላ እናቷን ለመነች፤ እናቷም ገዛችላት። እስቲ አስቡት። በቤት ሠራተኛ ደመወዝ፣ መጻፍ ለሚያስቸግራት የአስር ዓመት ልጅ፣ የጽሕፈት መኪና።

አስራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ከማርስ ስለመጣች ሴት የሚያወራ ፊልም በቴሌቪዥን አየች። ፊልሙ ደካማ ነበር። እሷም ከዚህ የተሻለ እኔም እጽፋለሁ አለች። ቀጠለችና ይህን የጻፈው ሰው እኮ ተከፍሎታል አለች። ቴሌቪዥኑን ዘግታ መጻፍ ጀመረች። ስለ እሷ የጻፈ ሁሉ ይህችን ታሪክ ይነግራል። እኔ ግን የአክስቷን ወጥ ቤት ነው የምመርጠው። በአስራ ሦስት ዓመቷ እዚያ ተቀምጣ፣ ሳድግ ደራሲ ነው የምሆነው ብላ ተናገረች። አክስቷም በፍቅር፣ እንዳይሰበር እንደምትፈራለት ሰው ሆና፣ ጥቁር ሰው ደራሲ መሆን አይችልም አለቻት። ለምን አይችልም? አይችልማ። በትለር በኋላ ስትጽፍ፣ እስከዚያ ዕድሜዋ ጥቁር ሰው መጻፉን የምታውቀው አንድም የታተመ ነገር አንብባ እንደማታውቅ ተናግራለች። ስለዚህ አክስቷን ለመርታት የምታሳየው አንድ ስም እንኳ አልነበራትም።

የስምንተኛ ክፍል የሳይንስ መምህሯ የመጀመሪያ ታሪኳን በሥርዓት ተይቦ ሰጣት፤ ለመጽሔት ላከችው፤ ተመለሰ። ቆይታ ደግሞ ጽሑፍሽን አንብቤ አሳታሚ አገኝልሻለሁ የሚል ወኪል ነኝ ባይ አገኘች። ለማንበቢያ ብቻ የጠየቀው ከአንድ ወር የቤት ኪራይ ይበልጣል። እናቷ ከፈለች። ሰውዬው አጭበርባሪ ነበር፤ ብሩ ቀለጠ። እናቷ ሌላ ሴት ብትሆን «በቃ ይህን ነገር ተዪው» ትል ነበር ብዬ አስባለሁ። እሷ ግን ሥራ ያዢ፣ ጸሐፊ ሁኚ ትላታለች እንጂ መጻፏን አልከለከለቻትም። «ጸሐፊ» ስትል የቢሮ ጸሐፊ ማለቷ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ የሚሠራ ሥራ። ለእንዲህ ዓይነት እናት ቁጭ ብሎ መሥራት ምን ማለት እንደሆነ የገባው ሰው አይስቅም።

ኦክታቪያ ኮሌጅ እየተማረች በአንድ የአጭር ልቦለድ ውድድር 15 ዶላር አሸነፈች። በብዕሯ ያገኘችው የመጀመሪያ ገንዘብ ነው። ከኮሌጅ በኋላ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የደራሲያን ማኅበር ያዘጋጀው ሥልጠና ላይ ሃርላን ኤሊሰን የሚባለው ዝነኛ ደራሲ አስተማራት፤ ተሰጥኦዋን አይቶ በ1970 ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ክላሪዮን ወደሚባል የስድስት ሳምንት የሳይንስ ፊክሽን (በሳይንስ ላይ ተመሥርቶ በምናብ የሚጻፍ ልቦለድ) አውደ ጥናት እንድትሄድ ገፋፋት። እዚያ ሁለት ታሪክ ሸጠች። በቃ፣ ደራሲ ሆንኩ አለች። ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት አንዲት ቃል አልሸጠችም።

በሕይወቷ ውስጥ ደጋግሜ የምመለስበት ጊዜ ይህ ነው። ሳህን አጠበች። በስልክ ዕቃ ሸጠች። የድንች ቺፕስ ፋብሪካ ውስጥ የተበላሸውን ትለይ ነበር። ሆን ብላ ጭንቅላት የማይፈልግ ሥራ ትመርጣለች፤ ጭንቅላቷን ለሌላ ነገር ትፈልገዋለቻ። ሌሊት በስምንትና በዘጠኝ ሰዓት ትነሳና ትጽፋለች፤ ሲነጋ በአውቶቡስ ሥራ ትገባለች። መኪና ነድታ አታውቅም፤ ዕድሜዋን ሙሉ የአውቶቡስ ሰው ነበረች። አውቶቡስ ላይም ማስታወሻ ትይዛለች። ስለ መነሳሳት ስትጠየቅ መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ መነሳሳትን እርሱት፣ ልማድ ይበልጥ ይታመናል። እኔ ይህን ያነበብኩት ከሥራ በኋላ ደክሞኝ «ዛሬ ስሜት የለኝም» ብዬ ደብተሬን በዘጋሁበት ምሽት ነው። መልሼ ከፈትኩት።

የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1976 ወጣ። በ1977 ሁለተኛው፣ በ1978 ሦስተኛው። ሦስተኛውን እሷ ራሷ አትወደውም ነበር፤ በሕይወት እስካለች እንደገና እንዲታተም አልፈቀደችም። የሸጠችውም ሳይበስል ነው፤ ገንዘብ ቸግሯት። ገንዘቡን የፈለገችው ደግሞ ሜሪላንድ ሄዳ ለሚቀጥለው መጽሐፏ ጥናት ለማድረግ ነበር። የሚቀጥለው መጽሐፍ «ኪንድሬድ» ነው።

የ«ኪንድሬድ» መነሻ ኮሌጅ ውስጥ ነው። የ1960ዎቹ ጊዜ ነው፤ ጥቁር ወጣቶች ነቅተዋል፣ ተቆጥተዋል። አንድ የኮሌጅ ጓደኛዋ ስለ ጥቁሮች ታሪክ ብዙ ያነበበ ልጅ ነው። ያለፉት ትውልዶች ተዋርደው፣ አንገታቸውን ደፍተው ስለኖሩ ወደ ኋላ ጎትተውናል፤ ቢቻለኝ እነዚህን አሮጌዎች ሁሉ በገደልኳቸው፣ ግን ከገዛ ወላጆቼ መጀመር ስላለብኝ አልችልም አለ። በትለር ይህን ስትሰማ እናቷን አሰበች። የጓሮውን በር አሰበች። ያን ጊዜ የተናደደችበት ዝምታ፣ ለካስ የበላችው እንጀራ ነው። እናቷ አንድ ቀን አፏን ከፍታ የልቧን ብትናገር ኖሮ ኪራይም፣ ጽሕፈት መኪናም፣ ኦክታቪያ የምትባል ደራሲም አትኖርም ነበር። ልጁ ታሪኩን በጭንቅላቱ ያውቀዋል፤ ስሜቱን ግን አያውቀውም። ስለዚህ የዛሬ ሰው ወስጄ እዚያው ዘመን ውስጥ እከተዋለሁ፣ ከዚያ ይናገር እንደሆን አያለሁ አለች።

መጀመሪያ ዋናው ገጸ ባሕርይ ወንድ ነበር። አልሠራላትም። ቀና ብሎ ሰው ዓይን ዓይን የሚያይ የ1970ዎቹ ጥቁር ወንድ እዚያ ቢጣል ሥርዓቱን ሳይለምድ ይገድሉታል፤ ታሪኩ ሳይጀመር ያልቃል። ሴት አደረገቻት። ዴና ትባላለች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ በ1976 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተባራሪ ሥራ እየሠራች የምትጽፍ ደራሲ ናት። አንድ ቀን ራሷን ያዞራትና ሜሪላንድ፣ ባርነት ባልቀረበት ዘመን፣ ወንዝ ዳር ትገኛለች። አንድ ነጭ ልጅ ውሃ ሊበላው ነው። ታወጣዋለች። ያ ልጅ ሲያድግ ባሪያ አሳዳሪ ይሆናል፤ የሷም ቅድመ አያት ነው። ስለዚህ እሷ እንድትወለድ እሱ መኖር አለበት። በሞት አፋፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ትጠራለች፤ እሷም ታድነዋለች። ገጽ በገጽ አንድ ነገር ትማራለች። መሬት ማየት ትማራለች። ዝም ማለት ትማራለች። አቤት ማለት ትማራለች።

እዚያ ጋ ነው እኔ ያለቀስኩት።

ለጥናቱ በትለር አውቶቡስ ይዛ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣ ሜሪላንድ ሄደች። የጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ የነበረውን፣ ቨርጂኒያ ያለውን ማውንት ቨርነንንም ጎበኘች። በዚያ ጊዜ አስጎብኚዎቹ ባሪያ የሚለውን ቃል አይጠሩም፤ አገልጋይ ነው የሚሉት። በእኛም ቋንቋ እነዚህ ሁለት ቃላት ምን ያህል እንደሚራራቁ አስቡ። አገልጋይ በፈቃዱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ያገለግላል። እሷ ያንን ሽፋን ገልጣ መጻፍ ነበረባት። መጽሐፉን ብዙ አሳታሚዎች መለሱባት፤ በመጨረሻ በ1979 ወጣ። ሰዎች ሳይንስ ፊክሽን ሲሉት አይ፣ ሳይንስ የለበትም ትል ነበር። ዴና በምን ማሽን ወደ ኋላ እንደሄደች አንድ መስመር የለም። ደግ አደረገች። ሰው ወደዚያ ዘመን ለመመለስ ማሽን አያስፈልገውም።

በ1980 የወጣው «ዋይልድ ሲድ» ውስጥ ለአማርኛ አንባቢ ብቻ የተቀመጠ የሚመስል ነገር አለ። ከሥጋ ወደ ሥጋ እየዘለለ ሺዎች ዓመታት የኖረው አስፈሪ ሰው ስሙ ዶሮ ነው። መጀመሪያ ሳነበው መጽሐፉን ዘግቼ ሳቅሁ። እየገፋሁ ስሄድ ግን ዶሮ ኑቢያዊ ሆኖ አገኘሁት፤ ስሙም በወገኖቹ ቋንቋ ፀሐይ የምትወጣበት አቅጣጫ ማለት ነው። የጎረቤት ሰው ነው እንግዲህ፣ የአባይ ሰው። ከመጽሐፉ አጋማሽ በኋላ ስሙ አላሳቀኝም፤ በሩ ሲንኳኳ እሱ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ዝናው መጣ፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። በ1984 እና በ1985 በአጫጭር ሥራዎቿ የሳይንስ ፊክሽን ትልልቅ ሽልማቶች የሆኑትን ሁጎንና ኔቡላን ወሰደች። አንደኛው ታሪክ የተጸነሰው ለሌላ መጽሐፍ ጥናት ፔሩ ልትሄድ ስትዘጋጅ፣ እንቁላሉን ሰው ቆዳ ሥር የሚያስቀምጥ ዝንብ እንዳለ አንብባ ከፈራችው ፍርሃት ነው። ሙጀሌ ከእግሩ ጣት በመርፌ ያወጣ ሰው ያንን ታሪክ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በ1995 ደግሞ የማካርተር ፋውንዴሽን የሚባል የአሜሪካ ድርጅት ለልዩ ተሰጥኦ የሚሰጠውን ሽልማት፣ 295,000 ዶላር ሰጣት፤ ይህን ያገኘች የመጀመሪያዋ የሳይንስ ፊክሽን ደራሲ ናት። እናቷ በ1996 ሞተች። ያንን አይታ መሄዷ ደስ ይለኛል።

አሁን በብዛት የሚወራላት «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር» ነው፤ የዘሪው ምሳሌ፣ ከወንጌል የተወሰደ ስም። በ1993 ነው የታተመው። ታሪኩ የሚጀምረው ሐምሌ 2024 ላይ ነው። ሎስ አንጀለስ አጠገብ በግንብ የታጠረ ሰፈር አለ፤ ከግንቡ ውጭ ረሃብና ዘረፋ ነው፤ ውሃ ከቤንዚን ይወደዳል፤ እሳት በየቦታው ይነሳል። አንዲት የአስራ አምስት ዓመት ልጅ፣ የሌላ ሰው ሕመም በራሷ ሥጋ ላይ የሚሰማት ልጅ፣ ማስታወሻ ትጽፋለች። ሰፈሩ ይቃጠላል፤ እሷም በእግሯ ወደ ሰሜን ትሄዳለች። እኔ ከሁሉም በላይ የማስታውሰው ከእሳቱ በፊት ያዘጋጀችውን ስንቅ ነው። ውሃ፣ ምግብ፣ ልብስ፣ ዘር፣ ሁሉም አንድ ላይ ተቋጥሮ ተቀምጧል። ሰፈርተኛው ግንቡን እያመነ ሲተኛ እሷ ቋጥራለች።

በ2025 ጥር ወር የእውነቱ እሳት መጣ። ፓሳዴና አጠገብ ያለችው አልታዴና ተቃጠለች። በትለር የተቀበረችው እዚያው አልታዴና መካነ መቃብር ነው። ፓሳዴና ውስጥ በስሟ የተሰየመ መጽሐፍ ቤት በእነዚያ ቀናት መጽሐፍ መሸጡን ትቶ ቤት ለተቃጠለባቸው ሰዎች ልብስና ምግብ ማደያ ሆነ። ሰዎች ነቢይት ነበረች ይላሉ። እሷ ይህን ቃል አትወድም ነበር። ችግሮቹን አልፈጠርኳቸውም፣ ዛሬ ዝም ያልናቸውን ወስጄ ሠላሳ ዓመት እንዲያድጉ ተውኳቸው ነው የምትለው። ጋዜጣ ታነባለች፣ ሬዲዮ ትሰማለች፣ ቆርጣ ታስቀምጣለች። ሥራዋ ይኸው ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ከበዷት። በ1999 ወደ ሲያትል አካባቢ ተዛወረች። «ፓራብል» ተከታይ መጽሐፍ ወጥቶለት ነበር፤ ሦስተኛውን ደጋግማ ጀመረች፤ አልሄደላትም። የደም ግፊት መድኃኒቱ ያደክማታል። በ2005 አንድ ልቦለድ ካሳተመች በኋላ፣ በየካቲት 2006 ቤቷ ደጅ ላይ ወድቃ ሞተች። 58 ዓመቷ ነበር። «ፓራብል ኦፍ ዘ ሶወር» የኒውዮርክ ታይምስ የከፍተኛ ሽያጭ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ2020 ነው፤ ከሞተች ከአስራ አራት ዓመት በኋላ። በዓመቱ ደግሞ ናሳ ማርስ ላይ መንኮራኩሩ ያረፈበትን ቦታ በስሟ ጠራው።

ወረቀቶቿ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ በመቶ የሚቆጠሩ ሣጥኖች። ምንም አትጥልም ነበር። የአስቤዛ ዝርዝር፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ ስንት ሳንቲም እንደቀራት የተሰላበት ብጣሽ። በ1988 አንድ ደብተር ጀርባ ላይ በትልልቅ ፊደል ለራሷ የጻፈችው አለ። መጽሐፎቼ በሚሊዮኖች ይነበባሉ፣ ጥሩ ሰፈር ቤት እገዛለሁ፣ ድሃ ጥቁር ልጆችን ክላሪዮን ልኬ አስተምራለሁ ትላለች። ከሥሩ ደግሞ ይሁን፣ እንዲሆንም አድርጊ የሚል አለ። ዛሬ በስሟ ልጆች ክላሪዮን የሚማሩበት ስኮላርሺፕ አለ። እኔ የዚያን ገጽ ፎቶ ሳየው ዓይኔ የሄደው ወደ እስክሪብቶው ነው። በኃይል ተጭናዋለች። ወረቀቱን ሊቀደው ምንም አልቀረውም።

እማዬ አሁን አታጥብም። አብራኝ ነው የምትኖረው። ስለ ዳገቱ እስካሁን አልነገርኳትም። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰፌድ ይዛ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጬ «ኪንድሬድ»ን በቃሌ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ማንበብ ጀመርኩላት። መጽሐፉ የሚከፈተው ከመጨረሻው ነው። ዴና ከዚያ ዘመን ለመጨረሻ ጊዜ ስትመለስ አንድ እጇን እዚያ ትታ ትመጣለች፤ ሆስፒታል ተኝታ ነው የምናገኛት። እማዬ መልቀሟን አቆመች።

«የትኛው እጇ ነው?»

«ግራው» አልኳት።

የራሷን ግራ እጅ አንስታ ገልብጣ አየችው፤ በረኪና የበላው መዳፏን፣ ጫፋቸው የተሰነጣጠቀ ጣቶቿን።

«እንግዲያ በቀኟ ትጽፋለች» አለች። ምስሯን መልቀም ቀጠለች። «በይ አንብቢው።»